ጉንፋንን አሞክሳሲሊን ለምን አያድነውም?

ክረምት ገብቶ የቶሳ ተራራ ጉም ደሴ ላይ ሲወርድ የመድኃኒት ቤቶች ደጃፍ ይደምቃል። ሳሉ፣ ንፍጡ፣ የጉሮሮ ክርክሩ የማያንኳኳው ቤት የለም። ከሚመጣው ሰው ብዙው ማዘዣ አልያዘም።

«የኔ ልጅ፣ እስኪ አሞክስ ስጠኝ።»

«ለማን ነው እማማ?»

«ለልጁ ነው። ጉንፋኑ አልለቀው ብሎ ይኸው ሦስት ቀኑ። ለዛሬና ለነገ የሚሆነውን ብቻ ስጠኝ።»

እንዲህ ያለ ንግግር ወሎ ውስጥ ከወልድያ እስከ ከሚሴ የማይሰማበት ከተማ ያለ አይመስለኝም። እኚህ እናት ልጃቸው ስላሳሰባቸው ነው የመጡት። ብሩንም ከአስቤዛው ላይ ቀንሰው ይሆናል ያመጡት። ግን የገዙት መድኃኒት ልጁን የያዘውን ነገር አይነካውም። ጥራት ስለጎደለው ወይም ስላነሰ አይደለም። ጉንፋኑ መድኃኒቱ ሊመታው የሚችለው ነገር በላዩ የለውም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሦስት ነገሮችን መለየት ይበቃል፦ ሕዋስ፣ ባክቴሪያና ቫይረስ።

ሕዋስ ምንድን ነው?

ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ የተሠራው ከሕዋስ ነው። ጤፉም፣ በሬውም፣ እኛም። የአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት 30 ትሪሊዮን ገደማ ሕዋሳት አሉት። ከእነዚህ የሚበዙት ቀይ የደም ሕዋሳት ናቸው። በባዶ ዓይን ስለማይታዩ ማይክሮስኮፕ እስኪሠራ ድረስ መኖራቸውን የሚያውቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1665 ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ ስስ የቡሽ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ትንንሽ ክፍሎች አየ። ዛሬ የምንጠቀምበትን ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው።

ሕዋስ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የልብስ ሰፊ ሱቅ እናስብ። ደሴም ኮምቦልቻም በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ የሚሰፋ ሰው ሞልቷል። ሱቁ በር አለው፤ የሚገባውና የሚወጣው በዚያ ነው። ልክ የተጻፈበት ደብተር አለው። መኪናው አለ። ጨርቅና ክር አለ። ሰፊው ደብተሩን አይቶ ይሰፋል።

ሕዋስም እንዲህ ነው። በሩ ያለበት ስስ ሽፋን ዙሪያውን ይከበዋል። ደብተሩ ዲኤንኤ ይባላል፤ ምን መቼ እንደሚሠራ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የስፌት መኪናው ራይቦዞም ነው። ተሰፍቶ የሚወጣው ልብስ ደግሞ ፕሮቲን ነው። ጡንቻችን፣ ፀጉራችን፣ ምግብ የሚፈጭልን ኢንዛይም፣ ስኳርን የሚያስተካክለው ኢንሱሊን፣ ሁሉም ፕሮቲን ነው።

ይህን ሱቅ አንርሳው። የቀረው ነገር ሁሉ የሚገባን በእሱ ነው።

ባክቴሪያስ?

ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ነው። ያ አንድ ሕዋስ ብቻውን ይበላል፣ ያድጋል፣ ይራባል። ደብተሩም መኪናውም የራሱ ነው። ከእኛ ሕዋስ ግን በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ከስሱ ሽፋን ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አላቸው። የእኛ ሕዋስ ግድግዳ የለውም። ሁለተኛ፣ መኪናቸው ሥራው ከእኛው ጋር አንድ ቢሆንም ሞዴሉ ሌላ ነው። እነዚህ ሁለት ልዩነቶች የስንቱን ሕይወት እንዳተረፉ ወደ ታች እናየዋለን።

ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች አንድ ወይም ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ርዝመት አላቸው። ሺህ ያህሉን ብናሰልፍ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። የሚራቡት ለሁለት በመከፈል ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ሁሉ ነገር ከተመቸው በ20 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ይሆናል። ማታ አንድ የነበረው ከስምንት ሰዓት በኋላ ከ16 ሚሊዮን በላይ ይሆናል ማለት ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ግን አንድ ጊዜ ለመከፈል ቀኑን ሙሉ ሊጨርስ ምንም አይቀረው። የስጋ ደዌው ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር የሚወስድበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝግተኛነት ነው። አንቲባዮቲክ፣ ማለትም እንደ አሞክሳሲሊን ያለ ባክቴሪያን የሚያጠቃ መድኃኒት፣ በደንብ የሚሠራው ባክቴሪያው በሚያድግበትና በሚከፈልበት ሰዓት ነውና የሚያንቀላፋውን መጠበቅ የግድ ይላል።

ሁሉም ባክቴሪያ ጠላት አይደለም። እንዲያውም የሚበዛው ጉዳት የለውም። ወተቱን እርጎ የሚያደርገው ባክቴሪያ ነው። ሊጡ ላይ የሚጨመረው እርሾ ውስጥም ባክቴሪያና የእርሾ ፈንገስ አብረው ይሠራሉ። አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ቁጥራቸው ከሰውነታችን ሕዋሳት ቁጥር አያንስም። ምግብ በማድቀቅ ያግዙናል፤ ለክፉው ባክቴሪያም ቦታ አይለቁለትም።

በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው፤ ግን ስማቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቲቢ፣ ኮሌራ፣ ታይፎይድ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ጨብጥ፣ ቂጥኝ፣ አባ ሰንጋ፣ ትራኮማ። ስጋ ደዌም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ለዘመናት እርግማን ወይም የዘር በሽታ እየተባለ ስንቱን ከቤቱ አስወጥቷል። ዛሬ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ይድናል። ለስጋ ደዌና ለዓይን ሕክምና ስሙ የሚነሳው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ቅርብ ነው።

ቫይረስስ ሕይወት አለው?

ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከሩበታል። ቫይረስ ሕዋስ አይደለም። ሱቅ የለውም፣ መኪና የለውም፣ ጨርቅ የለውም። ያለው አንዲት ልክ የተጻፈባት ወረቀትና ወረቀቷን የያዘች ፖስታ ብቻ ናት። መሬት ላይ ወድቆ ቢቀመጥ አይበላም፣ አያድግም፣ አይራባም። መጠኑም ከባክቴሪያ በጣም ያንሳል። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስን አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት አሥር ሺህ ያህሉን ማሰለፍ ያስፈልጋል።

ታዲያ እንዴት ያሳምማል? ፖስታዋ የእኛ ሱቅ በር ላይ ትደርሳለች። በሩን የሚከፍት ቁልፍ አላት። ወረቀቷ ገብታ ሰፊው ፊት ትቀመጣለች። ሰፊው ደግሞ ልኩ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። በራሱ መኪና፣ በራሱ ጨርቅ፣ ያችኑ ወረቀትና ፖስታ እያባዛ መስፋት ይጀምራል። በሺህ የሚቆጠሩ አዳዲስ ፖስታዎች ወጥተው ወደ ጎረቤት ሱቆች ይበተናሉ። ሱቁም ብዙ ጊዜ በዚያው ይወድማል።

ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ እንዲያውም ጉንፋን የሚያስይዙት ቫይረሶች ከ200 በላይ ናቸው። ኢንፍሉዌንዛ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ኤች አይ ቪ፣ ኮሮና፣ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። «ምች መታኝ» ብለን ከንፈራችን ላይ የምናሳየው ውኃ የቋጠረ ቁስልም ብዙውን ጊዜ የኸርፐስ ቫይረስ ሥራ ነው። ይህ ቫይረስ አንዴ ከገባ አይወጣም። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይተኛና ትኩሳት፣ ብርቱ ፀሐይ ወይም ድካም ሲያገኘን ብቅ ይላል። ሰዎች «ፀሐይ መትቶኝ ነው» የሚሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሲገድል እኛን ለምን አይገድለንም?

የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን፣ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል ውስጥ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ባክቴሪያ ያሳደገበት ሳህን ላይ ሻጋታ በቀለበት። በሻጋታው ዙሪያ የነበረው ባክቴሪያ ሞቶ አገኘው። ሻጋታው የሚያመነጨውን ነገር ፔኒሲሊን አለው። ፍሎሪና ቼይን የተባሉ ሳይንቲስቶች ኦክስፎርድ ውስጥ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት እስኪያደርጉት ግን ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ፔኒሲሊን ምን ያደርጋል? ያንን ጠንካራ ግድግዳ ያስታውሱ። ባክቴሪያ ሲያድግ ግድግዳውን እያፈረሰ እየገነባ ነው። ፔኒሲሊን ግንባታውን ያስቆመዋል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውስጡ ያለው ግፊት ያሸንፈውና ባክቴሪያው ይፈነዳል። አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ሴፍትሪያክሶን የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። የእኛ ሕዋስ ግድግዳ ስለሌለው መድኃኒቱ አጠገቡ ቢያልፍም የሚያፈርስለት ነገር አያገኝም።

ሌሎቹ መኪናውን ይመታሉ። ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን የባክቴሪያው ራይቦዞም ላይ ተሰክተው ስፌቱን ያቆሙታል። የእኛ መኪና ሞዴሉ ሌላ ስለሆነ እምብዛም አይነኩትም። ሲፕሮ ደግሞ ባክቴሪያው ደብተሩን ሲገለብጥ የሚጠቀምበትን ኢንዛይም ያግዳል።

አሁን ወደ ቫይረሱ እንመለስ። ግድግዳ የለውም። መኪና የለውም። የሚጠቀመው የእኛን ነው። አሞክሳሲሊን ታዲያ ምኑን ይምታው?

ለቫይረስ የሚሠሩ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ግን እያንዳንዳቸው ለተወሰነ ቫይረስ የተሠሩ ናቸው። የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ቫይረሱ ወረቀቱን ለመገልበጥ የሚጠቀምባቸውን የራሱን ጥቂት መሣሪያዎች ያግዳሉ። ስለዚህ ቫይረሱ አይጠፋም፤ መራባቱን ግን ያቆማል። በቫይረስ ላይ ትልቁ መሣሪያ ክትባት ነው። አያቶቻችን ፊታቸው ላይ ምልክቱን ይዘውት የኖሩት ፈንጣጣ ከምድር የጠፋው በክትባት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1976 ነበር።

«እኔ ግን አሞክስ ወስጄ ድኛለሁ»

ይህን የማይል ሰው የለም፤ ውሸትም አይደለም። ሰውየው ወስዷል፣ ድኗልም። ያዳነው ግን መድኃኒቱ አይደለም።

ጉንፋን ብዙውን ጊዜ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል። ነጭ የደም ሕዋሳት የተያዙትን ሱቆች እየለዩ ያጠፋሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላት የተባሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ፖስታዎቹን እየያዙ በር ላይ ያስቀራሉ። እኛ መድኃኒት ቤት የምንሄደው ሕመሙ ሲብስብን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ወስደንም ሳንወስድም መሻል ይጀምረናል። ምስጋናው ለካፕሱሉ ይሄዳል።

ዳማከሴው፣ ጤና አዳሙ፣ ዝንጅብሉ፣ ማር የገባበት ትኩስ ሻይ ጉሮሮን ያለሰልሳል፣ ያሳርፋል። እረፍትና ብዙ ፈሳሽም እንዲሁ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ማር ውስጥ የሚገኝ የአንድ ባክቴሪያ ዘር (ስፖር የሚባለው፣ ተኝቶ የሚቆይ ቅርጹ) ያልጠነከረ አንጀት ውስጥ አድጎ አደገኛ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

ብትወስደውስ ምን ይጎዳል ይባላል። ይጎዳል። መድኃኒቱ ጉንፋኑን ባያገኘውም የአንጀት ባክቴሪያዎቻችንን ያገኛቸዋል። ብዙ ሰው አንቲባዮቲክ ሲጀምር የሚያስቀምጠው ለዚህ ነው። አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነቱ ሊያብጥና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመድኃኒት መላመድ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ትራኮማ፦ ሳይታመሙ መድኃኒት ለምን ይሰጣል?

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ (ዓይን ማዝ) ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የወሎም ገጠር በዓይን ማዝ ብዙ ሰው አጥቷል፤ ማየት ያጡትን ማለቴ ነው። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ሲፍቀው ይኖራል። በወረንጦ እየነቀሉ ዓመታት የሚቆዩ እናቶች አሉ።

በዘመቻ አዚትሮማይሲን ሲታደል «ዓይኔን አላመመኝም፣ ለምን እውጣለሁ?» የሚል ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በተለይ አንቲባዮቲክ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ ከሚል ጽሑፍ ጋር የሚጋጭ ይመስላል።

አይጋጭም። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ነገሩ ለየት ይላል። ልክ እንደ ቫይረስ የሰው ሕዋስ ውስጥ ካልገባ አይራባም። በዚህም የተነሳ ለረጅም ዘመን ቫይረስ ነው ተብሎ ነበር። ግን ወደ ሱቁ ሲገባ የራሱን መኪና ይዞ ነው የሚገባው። አዚትሮማይሲን የሚያገኘውም ያንን መኪና ነው።

ለሁሉም ሰው የሚሰጠው ደግሞ ባክቴሪያው ከሕፃን ወደ ሕፃን፣ ከሕፃን ወደ እናት በጣት፣ በነጠላ ጫፍና ፊት ላይ በሚያርፍ ዝንብ ስለሚዞር ነው። ምንም ምልክት የሌለበት ልጅ ይዞት ይዞራል። የታመመውን ብቻ ማከም በሳምንቱ ከጎረቤት መልሶ መቀበል ነው። ስለዚህ መንደሩ በአንድ ጊዜ ይወስዳል። ይህ መጠኑና ጊዜው ተለክቶ፣ ክትትል እየተደረገበት የሚሠራ ነው። ስድስት ወር ላልሞላቸው ጨቅላዎች የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። ኪኒኑም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብና ሽንት ቤት መጠቀም ካልተጨመረበት ባክቴሪያው ይመለሳል።

ግርሻ፦ ትኩሳቱ ሄዶ ለምን ይመለሳል?

ግርሻ ባክቴሪያ የሚያመጣው፣ ትኩሳቱ እየሄደ የሚመለስ በሽታ ነው፤ እሱ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ባክቴሪያ እንዴት እንደሚያታልል፣ መድኃኒቱም እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ደግሞም ሩቅ አይደለም። ብዙ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተጣብቦ በሚያድርበት፣ ልብስ ማጠቢያ ውኃ በማይገኝበት ሁሉ ይነሳል። የቀን ሠራተኞች፣ የቆሎ ተማሪዎች፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች፣ ተፈናቃዮች ይጠቁበታል።

የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው። ግን ነክሶ አይደለም። ባክቴሪያው ቅማሉ ሆድ ዕቃ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ በንክሻ አይወጣም። የሚወጣው ቅማሉ ሲፈርጥ ነው። ሰው ይከካል፣ ቅማሉን በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር መካከል ይጨምቀዋል፣ ፈሳሹ የተላጠ ቆዳ ወይም ዓይን ያገኛል። በቃ፣ ገባ። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መግደል በሽታውን በገዛ እጅ መክፈት ነው። ልብሱን ማፍላት ወይም በትኩስ ካውያ መተኮስ ይሻላል።

ከገባ በኋላ ብርቱ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የመገጣጠሚያ ሕመም ይመጣል። ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ሠርቶ ባክቴሪያውን ያጠቃዋል። ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ሕመምተኛው «ተሻለኝ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ግን ጥቂት ባክቴሪያዎች ላይኛው ሽፋናቸው ላይ ያለውን ፕሮቲን ለውጠው ተርፈዋል። ሰውነት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል አያውቃቸውም። ተራብተው ሳምንት ገደማ ቆይቶ ትኩሳቱ ይመለሳል።

በትክክለኛው አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ አንድ መጠን ብቻ ይበቃዋል። ፔኒሲሊን ወይም ከቴትራሳይክሊን ወገን የሆነ መድኃኒት ይሰጣል። ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ ሕመምተኛው በኃይል መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። አስታማሚ «መርፌው ገደለብኝ» ብሎ ይደነግጣል። የሆነው ግን ደም ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲሞቱ ሰውነት የሰጠው ምላሽ ነው። ሕመምተኛው ለዚህ ነው ጤና ተቋም ውስጥ እንዲቆይና እንዲታይ የሚደረገው። ግርሻ ቤት ውስጥ በተገዛ ኪኒን የሚታከም በሽታ አይደለም።

የኅዳር በሽታ ምን ነበር?

በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. አገሩን ያራገፈውን ወረርሽኝ በማስታወስ ነው። በሽታው ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ቫይረስ። ያኔ የዓለም ሐኪሞች ብዙዎቹ መንስኤው ባክቴሪያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ስህተቱ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሞቱት ብዙዎቹ ሳንባ ውስጥ በእርግጥ ባክቴሪያ ተገኝቷል። ቫይረሱ የመተንፈሻ ቱቦውን ሕዋሳት ሲያወድም በሩ ተከፍቶ ባክቴሪያ ተከትሎ ይገባል። አንቲባዮቲክም አልነበረም።

ዛሬም ይህ ይሆናል። ጉንፋኑ ለቀቀኝ ካሉ በኋላ ትኩሳቱ እንደገና ከወጣ፣ ደረት ከወጋ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ባክቴሪያ ተከትሎ ገብቶ ሊሆን ይችላልና ቶሎ መታየት ነው።

«ታይፎይድና ታይፈስ» የሚለው ውጤትስ?

ትኩሳት ይዞት ላብራቶሪ ሄዶ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ሁለቱም ባክቴሪያ ናቸው፤ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ ይገባል። ታይፈስን ቅማል ያስተላልፈዋል።

ከአንድ ጠብታ ደም የሚሠራው የተለመደው ምርመራ ባክቴሪያውን አያይም። የሚያየው ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ይህ ደግሞ ከድሮ ሕመም ቀርቶ ወይም በሌላ ባክቴሪያ ምክንያት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ውጤት ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ባክቴሪያው መኖሩን የሚያረጋግጠው ካልቸር ነው፤ ደሙን ወስዶ ባክቴሪያውን ማሳደግ። ቀናት ይፈጃል፤ በየቦታውም አይገኝም። ትኩሳት ሁሉ በዚህ ስም ሲታከም ወባውም ቫይረሱም ሳይታይ ያልፋል።

ወባ ካልን፣ ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም። ባቲና ከሚሴ ቆላው ላይ የሚያስቸግረው ጥገኛ ተውሳክ ነው፤ አሜባና ጃርዲያም እንዲሁ። የራሳቸው መድኃኒት አላቸው።

መድኃኒት የሚላመደው ሰውነታችን ነው ወይስ ባክቴሪያው?

ባክቴሪያው ነው። ብዙ ሰው «እኔ አሞክስ ለምጄዋለሁ፣ አይሠራልኝም» ይላል። እንዲህ ከሆነማ ጉዳቱ ለሱ ብቻ በቀረ ነበር። የተላመደው ባክቴሪያ ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በሕይወቱ አንድ ካፕሱል ያልዋጠ ሕፃን አሞክሳሲሊን የማይነካው ባክቴሪያ ሊይዘው ይችላል።

እንዴት ይላመዳል? ባክቴሪያ ሲከፈል ደብተሩን ይገለብጣል፤ በሚሊዮን ሲገለበጥ ስህተት አይጠፋም። አብዛኛው ስህተት አይጠቅምም። አልፎ አልፎ ግን መድኃኒቱ የማይነካው ባክቴሪያ ይወጣል። አንዱ ፔኒሲሊንን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይሠራል። አንዱ መድኃኒቱን ወደ ውጭ እየገፋ ያስወጣል። አንዱ መድኃኒቱ የሚሰካበትን ቦታ ይለውጣል። መድኃኒት ከሌለ ይህ ባክቴሪያ ከሌሎቹ መካከል አንዱ ነው። መድኃኒት ስንወስድ ግን ሌሎቹ ይሞቱና ሜዳው ለእሱ ይለቀቃል። ይባስ ብሎ፣ ባክቴሪያዎች ይህን የመዳኛ መንገድ የያዘች ትንሽ ክብ ዲኤንኤ እርስ በርስ ይሰጣጣሉ፤ ዝርያው ለተለየ ባክቴሪያ ሳይቀር። ፕላዝሚድ ትባላለች። የአንጀታችን ሰላማዊ ባክቴሪያ ለጉንፋን በተወሰደ አሞክሳሲሊን ተላምዶ ያንኑ ለአደገኛው ሊያቀብል ይችላል።

ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ አስጠንቅቆ ነበር፦ ሰው ፔኒሲሊንን እያሳነሰ ከወሰደ ባክቴሪያው ይለምደዋል ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሞተ ተገምቷል። በአገራችን ሕግ አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ አይሸጥም። ሁለት ፍሬ፣ አራት ፍሬ እየተቆረጠ የሚሸጠው ግን እያየነው ነው።

ታዲያ መቼ ነው የሚያስፈልገው?

ይህን ጽሑፍ አንብቦ አንቲባዮቲክን የሚፈራ ሰው እንዲኖር አልፈልግም። በጊዜው ካልተወሰደ የሚገድልበት ቦታ ብዙ ነው።

የልጆች የሳንባ ምች አንዱ ነው። ልጁ ሳል ይዞት ትንፋሹ ከፈጠነ መቁጠር ነው። እድሜው ከ2 እስከ 12 ወር ከሆነ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ከሆነ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጥኖ መሄድ ነው። ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ጤና ኬላ ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህን ያውቃሉ።

ሁለተኛው ቶንሲል ነው። የጉሮሮ ሕመም አብዛኛው በቫይረስ ነው፤ ንፍጥና ሳል አብሮት ካለ ይበልጡን እንደዚያ ይጠረጠራል። ትኩሳት ኖሮ፣ ሳል ሳይኖር፣ ቶንሲሉ ላይ ነጭ ነገር ከታየ፣ አንገት ላይ እብጠት ካለ ግን ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል። ይህ ካልታከመ ሰውነት ባክቴሪያውን ሲያጠቃ በስህተት የራሱን ልብ ሊያጠቃ ይችላል። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጉ የልብ ሕመምተኛ ልጆች ብዙዎቹ ነገሩ የጀመራቸው በጉሮሮ ነው። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ቁስሉ ለሌላ ባክቴሪያ፣ ለመንጋጋ ቆልፍ ጭምር፣ በር ይከፍታል።

ከታዘዘ በኋላ በታዘዘው መጠን፣ ሰዓትና ቀን መውሰድ ነው። ተሻለኝ ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም፣ የተረፈውን ለጎረቤት መስጠት፣ ወይም ለሚቀጥለው ጊዜ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አያዋጣም።

ለከብትና ለዶሮ የሚሰጠውስ?

ኦክሲቴትራሳይክሊን ለበሬውም ለዶሮውም ይሰጣል፤ ቤተሰቡም ከሰው ቴትራሳይክሊን ጋር አንድ ነው። ከብት ከተወጋ በኋላ ለተወሰኑ ቀናት ወተቱም ሥጋውም ውስጥ መድኃኒት ይቀራል። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ይናገራል። የዚያ ሰሞን ወተት እርጎ አልረጋ የሚለው አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ የእርጎውንም ባክቴሪያ ይገድላል።

ድንገት ሞቶ የተገኘ ከብት፣ በተለይ ከአፍንጫውና ከአፉ ያልረጋ ደም የሚወጣው፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። አይታረድም፣ አይገፈፍም፣ አይበላም። ባክቴሪያው አየር ሲያገኝ ዘር ይሠራና አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። የነካው ሰው እጁ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ በአንቲባዮቲክ ይድናል፤ ግን ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት።

በዱቄት የሚሰጠው የልጆች ሽሮፕስ?

አንዴ በውኃ ከተበጠበጠ እንደ መድኃኒቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የሚያገለግለው። የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ጠርሙሱ ላይ እስካለው ምልክት ድረስ ነው። ከመስጠት በፊት ሁልጊዜ መነቅነቅ አለበት፤ አለዚያ መድኃኒቱ ታች ይዘቅጥና ልጁ መጀመሪያ ላይ ያነሰ፣ መጨረሻ ላይ የበዛ ይወስዳል። መለኪያው አብሮት የመጣው ማንኪያ ወይም ሲሪንጅ ነው፤ የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። የተረፈው ለታናሽ ወንድም አይቀመጥም።